ተመዝግቧል ይላል

ደባርቅ ላይ ሥራ የያዝኩት የበቅሎ አከራዮች ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ነው። ዳባት ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ጎንደር ወርጄ ከአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ዲፕሎማ ይዤ ተመለስኩና ዓመት ያህል ሥራ ፈትቼ ቤት ተቀመጥኩ። በኋላ ማኅበሩ ኮምፒውተር የሚችል ሰው ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ አመለከትኩ፤ ተቀበሉኝ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ደባርቅ፣ ማታ ማታ ዳባት ሆነ ኑሮዬ።

ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጡ እንግዶች ድንኳናቸውንና ስንቃቸውን የሚያስጭኑት በበቅሎ ነው። በቅሎዎቹ የገበሬዎች ናቸው። አንዱ እየደጋገመ ሄዶ ሌላው እንዳይቀር ደግሞ ተራ አለ፤ ተራ የሚያወጣው ማኅበሩ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት ተራው በእጅ ይጻፍ ነበር። አንድ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች በተራ ምክንያት በዱላ ተፈነካክተው ፖሊስ ጣቢያ ማደራቸውን የማኅበሩ ሊቀመንበር ሳይነግረኝ ያለፈ ሳምንት የለም። ስለዚህ አንድ ፕሮጀክት ኮምፒውተርና የምዝገባ ፕሮግራም ሲሰጥ ሁሉም ደስ አለው። ማሽን ዘመድ የለውም ተባለ።

ቢሯችን ከአስፋልቱ ዳር ያለች አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ወደ ሊማሊሞ የሚወርዱ የጭነት መኪናዎች ሲያልፉ ጠረጴዛው ከነኮምፒውተሩ ይንቀጠቀጣል። ፕሮግራሙን የሠራው ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው አሉኝ፤ እኔ ስጀምር እሱ ሥራውን አስረክቦ ሄዷል። ፕሮግራሙ እንደ ኢንተርኔት ገጽ ነው የሚከፈተው፤ ግን ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ መረጃው የሚቀመጥበት ዳታቤዝ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ገጹ ላይ የሚሞሉ ባዶ ቦታዎች አሉ፤ ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌ፣ የበቅሎዋ ቀለም፣ ስልክ። ሞልቼ አረንጓዴውን ቁልፍ ስጫን «በትክክል ተመዝግቧል» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። በማግሥቱ የማተመው የተራ ወረቀት ከዚያ ከተመዘገበው ላይ ነው የሚወጣው። ወረቀቱ ላይ ስሙ የሌለ ሰው በቅሎውን ይዞ በፓርኩ በር አያልፍም።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት፣ እንግዳ በሚበዛበት ወቅት ነው። አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ መጡ። ቤታቸው ከሊማሊሞ ግርጌ ነው፤ ያንን አቀበት ሁሉ በቅሏቸውን እየሳቡ ወጥተውታል። በቅሎዋን ደጅ ካለው ባሕር ዛፍ አሰሩና ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡ።

«ተራዬ ደርሶ እንደሆነ ብዬ ነው ልጄ።»

«ተመዝግበዋል አባቴ?»

«አንቺው መዝግበሽኝ የለም እንዴ? በመስቀል ሰሞን።»

ትዝ አሉኝ። ዝርዝሩን ከፍቼ ፈለግሁ፤ የሉም። ሳልጨርስላቸው መብራት ጠፍቶብኝ ይሆናል ብዬ እንደገና ሞላሁላቸው። ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውን፣ «ዳማ በቅሎ» ብዬ። ስልክ የላቸውም፤ እሱን ባዶ ተውኩት። ቁልፉን ስጫን «በትክክል ተመዝግቧል» አለ። አነበብኩላቸው። እግዜር ይስጥልኝ ብለው በቅሏቸውን ፈትተው ወረዱ። ከሰዓት በኋላ የነገውን ተራ ላወጣ ዝርዝሩን ስከፍት ሽማግሌው የሉም።

በቀጣዩ ገበያ ቀን ሌላ ሰው መጣ። ከዚያም አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት፤ ከዚያም አንድ ቄስ። ሁሉም ተመዝግበናል ይላሉ፤ አንዳቸውም ዝርዝሩ ላይ የሉም። ፊታቸው እንደገና እመዘግባቸዋለሁ፤ ማሽኑ ተመዝግቧል ይላል፤ መልሼ ስፈልግ የሉም።

እስኪ ልፈትነው ብዬ ራሴን የበቅሎ ባለቤት አድርጌ በስሜና በስልኬ መዘገብኩ። ወዲያው ዝርዝሩ ላይ ወጣሁ። ይሠራል ማለት ነው። ታዲያ እነሱን ምን ሆኖ ነው የማይዛቸው? ምናልባት የሽማግሌው ስም ውስጥ ያለው «ኃ» ይሆናል ብዬ በ«ሀ» ቀየርኩት። አልያዘም። የቀበሌያቸው ስም ረዝሞ ይሆናል ብዬ አሳጠርኩት። አልያዘም። ዳማ የሚለውን ቀይ አልኩት። የአባታቸውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩት። ሁልጊዜም ያው አረንጓዴ ጽሑፍ ይወጣል፤ ሁልጊዜም ዝርዝሩ ላይ የሉም። ስሕተት ነው ብሎ ቢቆጣኝ እንኳ የት ላይ እንደሆነ እጠይቀው ነበር። ምንም አይልም። እሺ ብሎ የማይፈጽም ሰው እንዴት እንደሚያናድድ የሚያውቅ ይረዳኛል።

ፕሮግራሙን የሠራውን ልጅ ስልክ ከሊቀመንበሩ ተቀብዬ ደወልኩ። ለብዙ ቀን «የደወሉላቸው ደንበኛ መስመር ላይ አይገኙም» ሲለኝ ቆየ። አንድ ቀን አነሣ። የመኪና ጥሩምባ ከኋላው ይሰማል።

«ተመዝግቧል የሚል መልእክት ያወጣል?» አለኝ።

«ያወጣል።»

«እንግዲያው ሴቭ አድርጓል ማለት ነው። ገጹን ሪፍሬሽ አድርጊው።»

«አድርጌዋለሁ። ኮምፒውተሩንም አጥፍቼ አብርቻለሁ። የአንዳንዱን ሰው ይይዛል፤ የአንዳንዱን አይይዝም።»

«እንደዚያ ሊሆን አይችልም» አለኝ በትሕትና። «ስትሞዪ ተጠንቀቂ። አሁን ስብሰባ ላይ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ አልተነሣም።

ለሊቀመንበሩ ነገርኩት። ወታደር የነበረ፣ ቁጡ ግን ፍርድ የማያዛባ ሰው ነው። «ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ሰዎችን እየጣለ ነው። እስኪስተካከል ተራውን በእጅ እናውጣ» አልኩት።

«በእጅ የሚባል ነገር ድጋሚ እዚህ ቤት አይነሣም» አለ። «ዱላውን አላየሽም አንቺ። ደግሞስ በሩ ላይ የሚቀበሉት ከማሽኑ የወጣውን ነው። ማሽኑን አስተካክይ፤ ለዚሁ አይደል የተቀጠርሽው?»

ለዚሁ ነበር። ግን ኮሌጅ የተማርኩት ኮምፒውተር መክፈት፣ ፕሮግራም መጫን፣ ጥቂትም ስለ ዳታቤዝ ነው። ይህ ፕሮግራም የተሠራበት ፍሬምወርክ የሚባለው ነገር መቶ ፋይል ሌላ መቶ ፋይል የሚጠራበት ነው። የትኛው የትኛውን እንደሚያዝ ግራ ገባኝ። ኢንተርኔት ላይ ልፈልግ ስልኬን ይዤ መስኮቱ ጋ እቆማለሁ፤ አንድ ገጽ እስኪከፈት መኪና ተጭኖ ይወርዳል። የተከፈተልኝን ሁሉ ሞከርኩ። በገጹ ላይ ያለው የሚሞላው ቦታ ስምና በዳታቤዙ ያለው ስም ይመሳሰል እንደሆነ አየሁ፤ ይመሳሰላል። ፕሮግራሙ እንዲያስቀምጥ የተፈቀደለትን መረጃ ዝርዝር አየሁ፤ ሁሉም ተፈቅዷል። ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ አየሁ፤ አልሞላም።

በዚህ መሃል ወሬው ተነሣ። መጀመሪያ የነገረችኝ ከቢሯችን አጠገብ ሻይ የምታፈላ ሴት ናት። «ልጅቷ የማትፈልገውን ሰው ስም ታጠፋለች ይላሉ፤ ተጠንቀቂ እህቴ» አለችኝ።

ሰዎቹ ከመሬት ተነሥተው አይደለም ያሙኝ። የደባርቅ ከተማ ሰው አንዱም አልጠፋም። ከአስፋልቱ ዳርና ከዳባት አካባቢ ያሉትም አሉ። የጠፉት የሩቅ ቀበሌ ሰዎች ናቸው። ከገደሉ ሥር፣ ከቆላው አፋፍ፣ መኪና ከማይደርስበት። እኔም ይህን አይቼዋለሁ። አይቼ ግን ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ማሽን ሩቅ አገርና ቅርብ አገር ለይቶ ያውቃል እንዴ እያልኩ በሚኒባሱ መስኮት እያየሁ ወደ ቤት እመለሳለሁ። እናቴ ምን ሆነሻል ትለኛለች። ለእናቴ በምን ቋንቋ ልንገራት?

ታኅሣሥ ላይ ሰዎቹ ተሰብስበው መጡ። ቢሮው ስለማይበቃቸው ሊቀመንበሩ ወደ ግቢው አወጣን። ብርዱ ፊት ይቆርጣል፤ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ አስፋልቱን ሸፍኖታል። ስማቸው ያልተያዘው ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ቆሙ። አንድ ቁመተ ረጅም ሰውዬ ተናገረ።

«እኛ ፊደል አልቆጠርንም። አንቺ መዘገብኩ ስትይን አምነን ሄድን። ስንመጣ የለንም። በእጅሽ ካላጠፋሽን ማን አጠፋን? እንግዲህ ካላጠፋሽ መስቀሉን ይዘሽ ማይልንና ነገሩ ይብቃ።»

ሊቀመንበሩ አየኝ። ቄሱ መሬት መሬት ያያሉ። እጄን ዘረጋሁ። እውነቴን ነው፣ ለመማል ዝግጁ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ቢያንስ እንዳላጠፋሁ ይታወቅልኛል ብዬ። በዚህ ጊዜ ከኋላ የነበሩት የሊማሊሞ ግርጌ ሽማግሌ ሰዉን እየገፉ መጡ።

«ተዉ» አሉ። «በበቅሎ ተራ ልጅ አታስምሉ። እኔ ራሴ አጠገቧ ተቀምጬ ስትጽፈኝ አይቻለሁ። ካጠፋች ለእግዜር ትንገረው።»

«ታዲያ ማን አጠፋዎ?» አላቸው ረጅሙ ሰውዬ።

«እኔ እንጃ። እሷም አታውቅ፤ ፊቷን አታየውም?»

ሳልምል ተበተኑ። ግን ያ ቀን ከመማል ይልቅ ከበደኝ። የሚያምኑኝ ሰው ተራ የላቸውም፤ እኔም ላወጣላቸው አልችልም።

ጥምቀት አልፎ ፈቃድ ጠየቅሁና ፕሮግራሙን በፍላሽ ገልብጬ ጎንደር ወረድኩ። ኮሌጅ ያስተማረኝ አንድ መምህር አለ፤ ጭቅጭቅ የማይሰለቸው ሰው ነው። ባዶ ዳታቤዝ ፈጠረና ፕሮግራሙን በራሱ ላፕቶፕ ላይ ጫነው።

«አስቸጋሪውን ሰው ንገሪኝ» አለኝ።

የሽማግሌውን ስም ነገርኩት። ቀበሌያቸውን፣ በቅሏቸውን ነገርኩት። «ስልክ?» አለ። የላቸውም አልኩት። ቁልፉን ተጫነ፤ ተመዝግቧል አለ። ዝርዝሩን ከፈተ። ሽማግሌው አሉ። በ«ኃ»ው፣ በዳማዋ በቅሎ፣ ልክ እንደነገሩኝ።

«ፕሮግራሙ ደህና ነው። ችግሩ ከኮምፒውተራችሁ ይሆናል» አለኝ። ፕሮግራሙ የሚሠራባቸውን ሶፍትዌሮች እንደ አዲስ እንድጭን ሰጠኝ። ደስታዬ ከእኔ አልፎ እሱን አሣቀው። በመንገድ ላይ አምባ ጊዮርጊስን ስናልፍ ለሽማግሌው ምን ብዬ መልእክት እንደምልክ እያሰብኩ ነበር።

በማግሥቱ ሊቀመንበሩ ከጎኔ ቆሞ እያየ ሁሉንም እንደ አዲስ ጫንኩ። የቆየውን ዳታቤዝ መለስኩበት፤ የተመዘገቡት እንዳይጠፉ። የሽማግሌውን ስም ሞላሁ። ተመዝግቧል አለ። ዝርዝሩን ከፈትኩ።

የሉም።

ሊቀመንበሩ ወጥቶ ሄደ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እኔም ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ጎንደር ላይ የሚይዝ፣ ደባርቅ ላይ የማይዝ ነገር ከእውቀቴ በላይ ነው፤ የምጠይቀው ሰውም አልቀረኝም። ከዚያ በኋላ ለነበሩት ሳምንታት የመጣውን መዘገብኩ፤ የሚያዘው ተያዘ፤ የማይያዘውን «ይቅርታ፣ ማሽኑ አልያዘልዎትም» እያልኩ ሸኘሁ። አንዳንዱ ይሰድበኛል። አንዳንዱ በቅሎውን አዙሮ ይመለሳል።

መጋቢት ላይ እንግዳው እየቀነሰ ሥራ ሲላላ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። ተስፋ ኖሮኝ አይደለም፤ የምሠራው ስላጣሁ ነው። ምዝገባውን የሚያስቀምጠው ክፍል ጋ ስደርስ አንድ ነገር አየሁ። ፕሮግራሙ «ይህን ለማስቀመጥ ሞክር፤ ካልተቻለ ደግሞ እንዲህ አድርግ» ይላል። «ካልተቻለ» በሚለው ሥር ግን ምንም አልተጻፈም። ባዶ ነው። ከእሱ ቀጥሎ «በትክክል ተመዝግቧል በል» የሚል ትእዛዝ አለ። ቢያስቀምጥም ባያስቀምጥም ያንኑ ይላል ማለት ነው። ያ ሁሉ አረንጓዴ ጽሑፍ ምንም ሳያውቅ የተናገረው ነው።

ያንን ክፍል አጥፍቼ የሽማግሌውን ስም እንደገና ሞላሁ። ገጹ በእንግሊዝኛ የስሕተት ጽሑፍ ተሞላ። ሊቀመንበሩ ከበሩ ሆኖ አይቶ «ጭራሽ አበላሸሽው?» አለ። እኔ ግን እያነበብኩ ነበር። ዳታቤዙ የሚለው ይህ ስልክ ቁጥር ቀድሞ ስላለ ድጋሚ አልቀበልም ነው። የትኛው ስልክ ቁጥር? ባዶው።

አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይመዘገብ ሲባል ሁለት ሰው በአንድ ስልክ እንዳይገባ ዳታቤዙ ተከልክሏል። ክልከላው ክፋት የለውም። ግን ባዶ ሆኖ የተተወውን ቦታም እንደ ቁጥር ይቆጥረዋል። መጀመሪያ የተመዘገበው ስልክ የሌለው ሰው ባዶውን ቦታ ያዘው፤ ከዚያ በኋላ ስልክ የለኝም ያለ ሁሉ የእሱ ድጋሚ እየተባለ ተመለሰ። ያ መጀመሪያ የገባው ሰው በቅሎውን ትቶ ሰሊጥ ለማጨድ ሑመራ ከወረደ ቆይቷል። ጎንደር ላይ የያዘውም በዚሁ ነው፤ የመምህሬ ዳታቤዝ ባዶ ስለነበር ሽማግሌው እዚያ የመጀመሪያው ሆነው ገቡ። ሩቅ ቀበሌ መሆኑም በዚሁ ነው፤ ኔትወርክ የሌለበት አገር ያለ ሰው ስልክ ምን ያደርግለታል?

ማስተካከሉ ቀላል ነበር። ስልክ ለሌለው ሰው ባዶ ጽሑፍ በማስገባት ፈንታ ምንም እንዳያስገባ፣ ያም እንዲፈቀድ አደረግሁት። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ዝርዝሩ ላይ ገቡ።

«ስንት ሰው ነው እንዲህ የቀረው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«አላውቅም ጋሼ። ያልተያዘ ሰው እንዴት ይቆጠራል?»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ያን ቀን ቆሜ እያየሁ ላስምልሽ ነበር» አለ።

በየአጥቢያው ከቅዳሴ በኋላ እንዲነገር መልእክት ላክን። ቄሱ መጡ፤ ባሏ የሞተባት ሴትም መጣች። የሊማሊሞ ግርጌው ሽማግሌ አልመጡም። አንድ ቅዳሜ ወደ ዛሪማ የሚሄድ አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ ወረድኩ። ሾፌሩ በጠመዝማዛው ሁሉ ፍሬን እየያዘ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ታች ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ። ሰው ጠይቄ ቤታቸውን አገኘሁት። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ሞፈር ይጠርባሉ።

«በቅሎዋስ?» አልኳቸው ሰላምታው ሲያልቅ።

«ሸጥኳት። ዳባት ገበያ አውጥቼ።»

«ለምን ትንሽ አልጠበቁም አባቴ?»

«ገለባው አለቀ። በቅሎ ሠራች አልሠራች ትበላለች ልጄ።»

ነገሩን አስረዳኋቸው። ስልክ ስለሌላቸው እንደሆነ፣ ሌላ ስልክ የሌለው ሰው ቀድሟቸው ስለገባ እሳቸውን ያንን ሰው ነዎት ብሎ እንደመለሳቸው። መጥረቢያቸውን አኑረው ሰሙኝ።

«ይህን ማን አስቦ አደረገው?»

«ማንም አላሰበውም።»

«አስቦ ያደረገ ሰው ቢሆን እኮ ይለመናል» አሉ፤ ደግመውም መጥረቢያቸውን አነሡ።

ሚስታቸው ሽምብራ ቆሎ በሰፌድ አቀረቡልኝ። በእኔ የተናደደ ሰው እዚያ ቤት አልነበረም። ብናደድላቸው ብዬ የምናደድበትም ሰው አላገኘሁም። ያ ልጅ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ነው፤ መምህሬ የሚችለውን አድርጓል፤ ሊቀመንበሩ የፈራው ዱላ ነው። ቆሎውን በልቼ ሽቅብ የሚወጣ መኪና ለመጠበቅ ወደ መንገዱ ወጣሁ። እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ።

ዝናቡ ሳያቆም፣ ነሐሴ ላይ፣ ጎንደር ላይ ተቃውሞ ተነሥቶ የሆነው ሆነ። ስልኩ ላይ ያለው ኢንተርኔት ተዘጋ፤ መንገዱም አንዳንድ ቀን ይከፈታል አንዳንድ ቀን ይዘጋል። ጥቅምት ገባ፤ እንግዳ ግን አልመጣም። ሆቴሎቹ በራቸውን ገርበብ አድርገው ተቀመጡ። ስልክ ያለውም የሌለውም አሁን ዝርዝሩ ላይ አለ። የሚወጣ ተራ ግን የለም። ሊቀመንበሩ ግን በየቀኑ ጠዋት «አትሚው» ይለኛል፤ አትሜ ማኅተም አድርጌ በሩ ላይ እለጥፋለሁ። በቅሎ የሚያመጣ ሰው ሲጠፋ በሳምንት አንዴ ማተም ጀመርን።

ጥር ላይ ሥራውን ለቀቅሁ። ዳባት አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁና ለሰው ማመልከቻ መጻፍ ያዝኩ። ሊቀመንበሩ የመጨረሻ ቀን እስከ መናኸሪያው ሸኝቶኝ ለሚኒባሱ ረዳት «ከፊት አስቀምጣት፣ ብርድ ነው» አለው። ጉሙ ሰዎቹ ማይልን ባሉኝ ቀን እንደነበረው ሁሉ አስፋልቱ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ ቀስ እያለ ወጣ።